በጸናጽሉ ላይ የሰካኋቸው አምስት ብረቶች

ሰው ጥፋቱን ሲያወራ ብዙ ጊዜ ከመሐል ይጀምራል፤ የሚያሳፍረው መጀመሪያው ላይ ነውና። እኔ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ያኔ ሥራዬ የሞቱ ሰዎችን ጋራዥ መግዛት ነበር። አሁንም ነው። ሳን ሆዜ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ሲያርፍ ልጆቹ ከየስቴቱ ይሰበሰባሉ፣ ሦስት ቀን ያለቅሳሉ፣ በአራተኛው ቀን ጋራዡን ከፍተው ያዩና እንደገና ያለቅሳሉ። እኔን የሚጠሩኝ በአራተኛው ቀን ነው። ሁሉንም ጠርጌ ቫኔ ላይ እጭናለሁ፣ ኦክላንድ ቤቴ አምጥቼ እለያለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተመልሼ ሳን ሆዜ ፍሊ ማርኬት፣ የአሮጌ ዕቃ ገበያው ላይ፣ እዘረጋለሁ። የሞተው ሰው ዕቃ ወደ አገሩ ተመልሶ ይሸጣል ማለት ነው።

የተማርኩት መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ነው። እዚያ ዲፕሎማ አይሰጥም፤ ጆሮ ይሰጣል። ብረትን በጥፍሬ መታ አድርጌ ናስ ይሁን የናስ ቅብ፣ ድፍን ይሁን ክፍት እለያለሁ። ከጆሮው ጋር አንድ ሕግ ሰጥተውኛል፦ ነጋዴ የዕቃውን አገር አይናገርም። "ከየት አመጣኸው?" ለሚል ደንበኛ "ከእግዜር" ብለህ ታልፋለህ። እግዜር ደግሞ ማስተባበያ አያወጣም። ሃያ ዓመት በዚህ ሕግ ኖርኩ።

በዚያ ሰሞን ከኔቫዳ መጥቶ ልጁ ቤት ያረጀ አንድ ሰውዬ ሞተና ጋራዡን ገዛሁ። ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር፣ በጥቁር ከረጢት ተጠቅልሎ አንድ የብረት ቱቦ ተኝቷል። ርዝመቱ ከስንዝር ያነሰ፣ ውፍረቱ ከአውራ ጣት የሚበልጥ፣ አንዱ ጫፉ የብሎን ጥርስ ያለው፣ ሌላው ጫፉ የተበሳ። የእጅ ባትሪ ቀፎ መሰለኝ። ሴት ልጁን ምንድነው ብላት "አባቴ ነገር ይሰበስብ ነበር" አለችኝ። እኔም ነገር ሰብሳቢ ስለሆንኩ በቂ መልስ ሆኖ አገኘሁት።

ማክሰኞ ከሰዓት ከቤቴ በስተኋላ ተቀምጬ ከፈትኩት። ጭጋጉ ከባሕር ወሽመጡ ተነሥቶ በጎረቤቴ የሎሚ ዛፍ ላይ ተኝቶ ነበር። ከቱቦው ውስጥ መሐላቸው የተበሳ፣ እንደ ትንንሽ የስኒ ክዳን የጎደጎዱ አምስት ብረቶች ተራ በተራ ወጡ። ግራጫ ቅርፊትና ጥላሸት ለብሰዋል። ተራ እንዳረጀ ብረት ቆጥሬ ኮምጣጤና ጨው ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኳቸው፣ በጨርቅ ወለወልኳቸው። በውሃ አላለቀለቅኳቸውም፤ እኛ ሰፈር ውሃ የዝገት እናት ናት። ስስ ነጭ ነገር ቀረባቸው። ጨው ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ አንዷን በክር አንጠልጥዬ በጥፍሬ መታሁ።

ድምፁን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። ቀጭን ነው፣ ግን አይወጋም። ካለቀም በኋላ የሚቆይ ዓይነት ነው፤ ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቤት ሠርቶ የሚኖር ይመስላል። ሁለተኛዋን መታሁ፣ ሦስተኛዋን መታሁ። አምስቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ምን ያህል ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ስልኬ ጠርቶ አላነሣሁትም፤ ገበያ ሊሆን የሚችል ስልክ ሳላነሣ የቀረሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

ያን ሰሞን መሪጌታ ኅሩይ ሐዘን ላይ ነበሩ። መሪጌታ የቤተ ክርስቲያናችን ማኅሌት መሪ ናቸው፤ ልጃቸው ሰናይት ዘንድ ቴሌግራፍ አቬኑ አጠገብ ባለ አፓርታማ ይኖራሉ። ሰናይት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ እሷ ሥራ ስትውል የአሥራ አንድ ወር ልጇን ማርያማዊትን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ሐዘናቸው የጸናጽላቸው ነው። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሽቦው ተበጠሰና የሚንሿሹት ቅጠሎቹ በሙሉ ተንከባለው ጎርፍ መውረጃ ውስጥ ገቡ። የንግሥ በዓል እየደረሰ ነው፤ ካገር ቤት መንገደኛ እስኪያመጣላቸው ሁለት ወር ነው።

ረቡዕ ጠዋት አምስቱን ብረቶች በኪሴ ይዤ ሄድኩ።

"ስንት ናቸው?" አሉኝ መሪጌታ፣ ገና ሳያዩዋቸው።

"አምስት።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "ከላይ ሦስት፣ ከታች ሁለት። አምስቱ አዕማደ ምሥጢር። ቁጥሩን ማን ነገረህ?"

"ማንም። አምስት ሆነው ተገኙ።"

"ይሄማ ምልክት ነው ልጄ። ከየት አገኘኸው?"

"ከእግዜር።"

"እሱማ የታወቀ ነው። በየት በኩል?"

"በሳን ሆዜ በኩል" አልኳቸውና አዲስ ሽቦ ቆርጬ ሰካኋቸው። ሲወዘውዙት ክፍሉ በዝናብ የተሞላ መሰለኝ፤ የሚያርስ እንጂ የሚያበሰብስ ዝናብ አይደለም። ማርያማዊት ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታ ሰማች። ሁለት እጇን ዘረጋች። መሪጌታም ሰጧት። እኔ የሰው ምርቃት በኪሴ ሞልቶ፣ ከደረጃው እየዘመርኩ ወረድኩ። ስዘምር ደግሞ ዜማ አላውቅም።

ቅዳሜ ሳን ሆዜ ዘረጋሁ። ባዶውን ቱቦ "የባትሪ ቀፎ" የሚል ወረቀት ለጥፌበት ከመፍቻዎቹ ጎን አስተኛሁት። ረፋዱ ላይ ዴል መጣ። ዴል ጡረታ የወጣ ማሽኒስት ነው፤ በየቅዳሜው እየመጣ ሁሉንም ዕቃ ያነሣል፣ ሁሉንም ያደንቃል፣ አንዱንም አይገዛም። ቱቦውን አነሣና ወዲያው መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘና ጨርቅ ጣል አደረገበት።

"ሆዱ የታለ?" አለኝ።

"የባትሪው?"

"ባትሪ አይደለም ወንድሜ። ሳይለንሰር ነው፤ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ። የሃያ ሁለት። የትንሿ ጥይት።"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

"እኔም ኔቫዳ ስኖር ነበረኝ፤ ከነወረቀቱ" አለ። "እዚያ ይፈቀዳል። እዚህ ካሊፎርኒያ ግን መያዙ ብቻ ፌሎኒ፣ ከባድ ወንጀል ነው። ቱቦውም፣ የሆዱ ዕቃም። ከማን እንደገዛህ ጠበቃ ፈልገህ ንገር። አሁን ግን የጠየቅኩህን መልስልኝ፤ ውስጡ የነበሩት የት ናቸው?"

"አጠብኳቸው።"

"በምን?"

"በኮምጣጤ።"

ዴል በአጠገቡ የነበረውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለአራት ዓመት ሳውቀው ተቀምጦ አያውቅም።

"ስማኝ" አለ። "ለትልልቁ ጠመንጃ የሚሆነው ማፈኛ ብዙ ጊዜ እንደተዘጋ ይኖራል፤ ግፊቱና ሙቀቱ ራሱን በራሱ ይጠርገዋል። የሃያ ሁለት ግን አይደለም። ጥይቷ ልብስ የሌላት ሊድ ናት፤ በተተኮሰች ቁጥር ሊድና ሰም ውስጡ ትጋግራለች። ስለዚህ የሃያ ሁለት ማፈኛ ሲመረጥ ሰው የሚጠየቀው ስለ ዝምታው ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ጥያቄ ግን 'ይከፈታል ወይ?' ነው። የሚከፈት፣ ሆዱ ከአልሙኒየም ይልቅ ከማይዝግ ብረት የሆነ፣ ተፈትጎ የማይጎዳ። ያንተ ሰውዬ አዋቂ ነበር፤ ጥሩ መርጧል። ግን ለማጽዳት ሰንፏል። በየጊዜው ይከፈታል፣ በጓንት ይፈተጋል፣ ጨርቁ ይጣላል፣ እጅ ይታጠባል። ወጥ ቤት አይገባም። ኮምጣጤ ደግሞ አይነካውም።"

"ለምን?"

"ኮምጣጤ ሊዱን ያሟሟዋል። የሚቀረው ነጭ ነገር መርዝ ነው፤ ይጣፍጣል ደግሞ።"

እርሳስ የምንለው ብረት። በአገራችን ለመረብ ማስመጫና ለጥይት የምናውቀው፤ እዚህ የድሮ ቤት ቀለም ውስጥ አለ እየተባለ ልጅ ያለው ሁሉ የሚያስመረምረው። እኔ ጨው ነው ያልኩት እሱ ነበር።

ዕቃዬን ለዴል አደራ ሰጠሁት። ቱቦውን ምን እንደማደርገው ስጠይቀው "ጠበቃ እስክታገኝ በጨርቁ ውስጥ ቆልፍበት፣ ለማንም አትሽጥ፣ ለማንም አትስጥ" አለኝ። ቫኑ ውስጥ ካለው ሳጥን ቆልፌበት ተነሣሁ።

ከሳን ሆዜ ኦክላንድ በስምንት መቶ ሰማንያ አውራ ጎዳና የሚነዳ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። እኔ ያን ቀን አላወቅኩትም። ፀሐይ አለ፣ መኪና አለ፣ ድምፅ ግን የለም፤ ከትልቅ መስተዋት በስተጀርባ የሚታይ መንገድ ነበር። መሪጌታ ጋ ኮል አደረግኩ፣ አያነሡም። ዜማ ሲያጠኑ ስልክ አያነሡም። እንደገና ኮል አደረግኩ። የሰናይት ስልክ ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ሳን ሊያንድሮ ላይ ትራፊኩ ቆመ። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ያ የማክሰኞው ድምፅ በጆሮዬ ይመጣ ጀመር፤ ቀጭኑ፣ የማይወጋው። መስኮቱን ዘጋሁ። አሁንም ይሰማል። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ያማረ ድምፅ ነበር፣ እንዲያቆምም ለመንኩት።

ደረጃውን ወጥቼ በሩ ጋ ስደርስ በእውን ሰማሁት። ያለ ዜማ፣ ያለ ምት፣ ዝም ብሎ የሚንሿሿ። መሪጌታ አልነበሩም የሚወዘውዙት።

በሩን ከፈቱልኝ። ማርያማዊት ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። የጸናጽሉን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ፣ የታችኞቹን ሁለት ብረቶች አፏ ውስጥ ከታለች።

"ግባ ልጄ፣ ምነው ላብ በላብ ሆንክ?" አሉ መሪጌታ። "እሷን ነው የምታያት? ጥርስ እያወጣች ነው። ከሐሙስ ወዲህ ይሄን ካልሰጠኋት ወተቷንም እንቢ አለች። ማኅሌታይ ልትሆን ነው እያልኩ እናቷን አናድዳታለሁ።"

መርካቶ የተማርኩት ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣልኝ። ፊቴ እንኳ አልተለወጠም።

"መሪጌታ፣ ሽቦው የሳሳ መሰለኝ። ለንግሡ እንዳያሳፍርዎ ወስጄ ላጥብቀው" አልኩ።

"አጥብቀው እንጂ። ተባረክ።"

ከልጅቷ አፍ አወጣሁት። አለቀሰች። ኪሴ ከትቼው ወጣሁ፣ በሩ ተዘጋ።

ደረጃው አሥራ ስድስት ነው። ስምንተኛው ላይ ቆምኩ። ሁሉም ነገር ተጠናቋል። ጸናጽሉ እኔ ጋ ነው፤ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ቆሻሻ መጣያ ሞልቷል፤ ሰኞ የናስ ቅጠል ሰክቼ እመልሳለሁ፤ ማንም አይጠይቅም። ብናገር ግን ወንጀል ነው ከተባለ ነገር ጋር ስሜ ይነሣል። የያዝኩት ግሪን ካርድ ነው። ፌሎኒ ያለበት ግሪን ካርድ ምን እንደሚሆን ሰምቻለሁ። ደግሞ አራት ቀን ብቻ ነው፤ ልጅ ስንት ነገር አፉ ይከታል። እንዲህ እያልኩ ከራሴ ጋር ዋጋ ተከራከርኩ። ጥሩ ተከራካሪ ነኝ። እያሸነፍኩ ነበር።

ከበሩ ጀርባ ለቅሶው አልቆመም። ሕፃን አሻንጉሊት ሲነጠቅ የሚያለቅሰው ለቅሶ አልነበረም። ጣፋጭ ሲነጠቅ የሚያለቅሰው ነበር።

ስምንቱን ደረጃ ተመልሼ ወጣሁ።

"ረሳኸው?" አሉ መሪጌታ በሩን እየከፈቱ።

"መሪጌታ፣ ይቀመጡ። እጅዎንም የእሷንም በሳሙና እናጥባለን፣ ከዚያ ሰናይትን እንጠራለን።"

"ምን ሆነሃል?"

"የሰጠሁዎት ነገር መርዝ አለበት።"

ነገርኳቸው። ጋራዡን፣ ሰውዬውን፣ ቱቦውን፣ ኮምጣጤውን። አላቋረጡኝም። ልጅቷን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ትንንሽ ጣቶቿን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ ያልጠበቅኩትን ነው።

"ድምፅ እንዲውጥ የተሠራ ነው አልክ?"

"አዎ።"

"የጥይት ድምፅ?"

"አዎ መሪጌታ።"

"እንግዲያ አራት ቀን ሙሉ የዋጠውን ነው ሲመልስልኝ የነበረው" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እስከ ዛሬ ስተኛ የምሰማው ቃል እሱ ነው።

በፋርማሲው ቁጥር ደውዬ ሰናይትን አስጠራኋት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። ነጭ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም።

"ጋሽ ጌታቸው፣ ሶሪ እንዳትለኝ" አለችኝ፣ አፌን ስከፍት። "ሶሪ አሁን አይጠቅመኝም። ከምን የተሠራ ነው፣ በምን አጠብከው፣ ስንት ቀን ሆነው?"

"የማይዝግ ብረት ነው፣ ላዩ ላይ ሊድ ነበረበት። የምግብ ኮምጣጤና ጨው። ማክሰኞ ነው ያጠብኩት፣ ረቡዕ ጠዋት ነው የሰጠሁት።"

"አለቀለቅከው?"

"አላለቀለቅኩትም።"

ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። "አባዬ፣ ዛሬ አስመልሷታል? ሆዷን ይዛለች?"

"አላስመለሳትም" አሉ መሪጌታ። እንደ ተማሪ ቆመው ነበር የሚመልሱት።

መኪናዋ ውስጥ ሆና ለመርዝ መረጃ ማዕከል ደወለች፣ እኔ በቫኔ እስከ ሆስፒታሉ ተከተልኳት። ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ ከማርያማዊት ክንድ ደም ስትቀዳ መሪጌታ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ዳዊት ይደግማሉ፣ እኔ ከጎናቸው መብራቱን አያለሁ። መብራቱ ትንሽ ይንሿሿ ነበር። አንዲት ሐኪም መጥታ ከየት መጣ፣ ማን ሸጠው፣ ማን ነካው ብላ ጠየቀችኝ። "ከእግዜር" ማለት አይቻልም። ስም፣ ሰፈር፣ ቀን ሰጠሁ። ስናገር የራሴ ድምፅ የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቃና ሃያ ዓመት አልተጠቀምኩበትማ።

በዚያው ቀን ጠበቃ አገኘሁ። ቱቦውንም ጸናጽሉንም ከቦታቸው እንዳላንቀሳቅስ አዘዘኝና እሱ ራሱ ፖሊስ ጠራ። ሁለት መኮንኖች መጥተው በፕላስቲክ ከረጢት ከተቱ። አንደኛው ጸናጽሉን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ "ይህኛው ክፍል ምንድነው?" አለኝ። "የጸሎት ዕቃ" አልኩት። ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ብረቶቹን ነቅሎ እጀታውን ለመሪጌታ እንዲመለስ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ክስ ይመጣ ይሆን እያልኩ ፖስታ ሳጥኔን የከፈትኩባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው። አልመጣም።

ሰኞ የማርያማዊት የደም ውጤት ወጣ። ከፍ ብሏል። አደገኛ ከሚባለው ደረጃ ግን አልደረሰም። ምንጩ ስለተወገደ ይወርዳል፣ በወሩ ይደገማል አሉ። ከካውንቲው ጤና ቢሮ አንዲት ሴት መጥታ የአፓርታማውን ወለል በጨርቅ እየጠረገች ናሙና ወሰደች፣ የእኔንም የጓሮ በረንዳ። የእኔም ደም ከፍ ብሎ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላወራሁትም።

ሰናይት በሩ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ "ተመልሰህ ባትነግረን ኖሮ ምክንያቱን ሳናውቅ ነበር የምንኖረው። እሱን አውቃለሁ። ግን እስኪወርድ ድረስ ዓይንህን ማየት አልችልም ጋሽ ጌታቸው።" አንገቴን ደፍቼ ወረድኩ። አሥራ ስድስቱንም።

ያ ወር እንዴት እንዳለፈ ብትጠይቁኝ በጭጋግ ውስጥ እንዳለፈ ነው የምነግራችሁ። ንግሡ ደረሰ፤ መሪጌታ ባዶ እጀታውን ይዘው ማኅሌት ቆሙ። እጃቸው ይወዛወዛል፣ ድምፅ የለም። ከኋላ ቆሜ አየሁ። ከሕዝቡ መሐል ለምን እንደሆነ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። እሳቸው አልተናገሩም።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መሐል ነጋዴ ይኖራል፤ ነጋዴ ያልሆነም ከነጋዴ ይገዛል። ምክር መስጠት ሥራዬ አይደለም፤ ምክር በነፃ ነውና አልነግድበትም። ግን ያን ጊዜ እኔን የለወጠኝ ፖሊሱ ወይም ጠበቃው እንዳይመስላችሁ። ስምንተኛው ደረጃ ላይ ያሸነፍኩት ክርክር ነው። ያን ያህል በቀላሉ ማሸነፌ አስፈራኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የማላውቀው ዕቃ አይወጣም፤ የወጣውም ከማን ጋራዥ እንደመጣ ወረቀት ተለጥፎበት ነው። ገበያዬ ቀንሷል። ሰው "ከሟች" የሚል ቃል ሲያነብ እጁን ይሰበስባል። ይሰብስብ። ልጅ ያለው ሰው ደግሞ ዕቃውን ሁለት ጊዜ እንዲያጥብ እነግረዋለሁ፤ አንዳንዱ እብድ ነው ብሎኝ ያልፋል። ጓንትና ሳሙና ከገንዘብ ሳጥኔ ይበልጥ ቅርቤ ናቸው።

በወሩ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳን ሆዜ ቆሜ ሳለሁ ከሰናይት ቴክስት መጣ። የምርመራ ወረቀት በፎቶ። መነጽሬን ቫኑ ውስጥ ረስቼዋለሁ፣ ቁጥሩ ይዋኛል። ስልኩን ለዴል ሰጠሁት። ራቅ አድርጎ ያዘው፣ ቀረብ አድርጎ ያዘው።

"ወርዷል" አለ።

"በደንብ አንብበው።"

"ሁለቴ አነበብኩት። ወርዷል። ዶክተሩም ከሥሩ ጽፎበታል።"

የመፍቻዎቹን ጫፍ ይዤ ቆምኩ። ዴል ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄደ። ስልኩ እንደገና ጠራ፤ ሁለተኛ መልእክት። ይሄኛው በትልልቁ የተጻፈ ስለነበር ራሴ አነበብኩት።

"አባዬ ጸናጽሉ ባዶ ነው እያለ ነው። የናስ ቅጠል ካገኘህ አምጣ። መጀመሪያ ግን ለእኔ ስጠኝ፤ አይቼ አሳልፈዋለሁ።"